የፈረሰ ቤትና የሰኔ በጀት

የልደት በዓል በደረሰ ቁጥር በየአብያተ ክርስቲያናቱ ከሚነገሩት ነገሮች አንዱ የማደሪያ ማጣት ነው። እመቤታችን ቅድስት ድንግል ማርያምና አረጋዊው ዮሴፍ የሕዝብ ቆጠራ ትእዛዝ ወጥቶ ወደ ቤተ ልሔም በሄዱ ጊዜ በእንግዶች ማረፊያ ስፍራ አላገኙም። የዓለም መድኃኒትም በከብቶች ግርግም ተወለደ። ይህን ታሪክ ልብ ብሎ ለሚመረምር ሰው፣ ያን ቤተሰብ ከበረት ያሳደረው የባለ ቤቶች ጭካኔ ብቻ አይደለም። ሕዝቡ እንዲቆጠር ያዘዘው መንግሥት፣ የሚቆጠረው ሕዝብ ወዴት እንደሚያድር አላሰበም ነበር።

ይህን ትምህርት ለማግኘት እስከ ይሁዳ ምድር መሄድ አያሻንም። ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ በሚወስደው አውራ ጎዳና ላይ፣ ሸዋ ሮቢትና አጣዬ ታልፈው የምትገኘው የይፋት ቆላ ከተማ ካራቆሬ ምስክር ናት። በግንቦት ወር 1953 ዓ.ም. በርትቶ፣ ከዚያም ለወራት እየተደጋገመ በቆየው የመሬት መንቀጥቀጥ ጎረቤቷ ማጀቴ ፈጽማ ፈረሰች። በካራቆሬም ከነበሩት ቤቶች ወደ ግማሽ የሚጠጉት ወደቁ፤ ከከተማይቱ በስተሰሜን ያለው ጎዳና በናዳና በስንጥቅ ተበላሸ፤ በአካባቢው 5 ሺህ ያህል ሕዝብ በክረምት ዋዜማ ያለ ቤት ቀረ። በአዲስ አበባ የጂኦፊዚክስ ኦብዘርቫቶሪን ይመሩ የነበሩት አባ ፒየር ጉዌን ስለ ኢትዮጵያና ስለ አፍሪካ ቀንድ የመሬት መንቀጥቀጥ ታሪክ በጻፉት መጽሐፍ ይህን መከራ መዝግበውታል።

ከዚያ ወዲህም የአካባቢው ሕዝብ ከቤት ማጣት አላረፈም። በ2013 ዓ.ም. በተነሣው ግጭት በአጣዬ፣ በካራቆሬና በአካባቢያቸው ብዙ ቤቶች በእሳት ወድመዋል፤ በ2014 ዓ.ም. ደግሞ ጦርነቱ እስከ ሸዋ ሮቢት ደርሶ ነበር። ታኅሣሥ 26 ቀን 2017 ዓ.ም.፣ የልደት በዓል ሦስት ቀን ሲቀረው፣ በፈንታሌና በዶፈን ተራሮች አካባቢ በመጠን ከ5.5 በላይ የሆነ የመሬት መንቀጥቀጥ ደረሰ። በዚያን ሰሞን ለአደጋው የተጋለጡት ሰዎች 80 ሺህ ያህል መሆናቸው ተነግሮ፣ ብዙዎች ቤታቸውን ትተው በዓሉን በመጠለያ አሳለፉ። ካራቆሬም ሆነች ፈንታሌ ያሉት በዚያው በስምጥ ሸለቆው ቀጣና ነው። ስለዚህ በዚህ ምድር የቤት መፍረስ ድንገተኛ ነገር ተብሎ ሊታለፍ አይገባውም።

የዚህ ጽሑፍ አሳብም ይኸው ነው። ተመልሶ እንደሚመጣ የታወቀ አደጋ አስቀድሞ በበጀት ሊታሰብለት ይገባል።

የአገራችን የበጀት ዓመት ሐምሌ 1 ቀን ተጀምሮ ሰኔ 30 ቀን ይዘጋል። ለ2017 ዓ.ም. የጸደቀው የፌዴራል መንግሥት የመጀመሪያ በጀት 971.2 ቢሊዮን ብር ሲሆን፣ ከዚህ ውስጥ ለክልሎች በድጋፍ የተመደበው 222.7 ቢሊዮን ነበር። ክልሉ የደረሰውን ከራሱ ገቢ ጋር አዳምሮ ለወረዳዎች ያከፋፍላል። ወረዳ ከሚደርሰው ገንዘብ አብዛኛው የሚውለው ለመምህራን፣ ለጤና ባለሙያዎችና ለሌሎች ሠራተኞች ደመወዝ ነው። እንግዲህ ቤቱ የፈረሰበት ገበሬ ጉዳይ በሰኔው ሰነድ የራሱ ርእስ ካልተሰጠው የሚቀርለት መጠባበቂያው ነው። መጠባበቂያ ደግሞ በጭንቅ ቀን ለእህል፣ ለድንኳንና ለብርድ ልብስ ይሮጣል እንጂ ግድግዳ እስኪቆም አይጠብቅም።

ገንዘቡ ቢገኝ እንኳ ወራቱ ራሳቸው ችግር ናቸው። በጀቱ ሥራ ላይ የሚውለው ክረምቱ በገባበት ወር ነው። የግዥው ጨረታ ሲጓተት ጥቅምትና ኅዳር ያልፋሉ፤ ከየካቲት ጀምሮ የበልጉ ዝናብ ይጠበቃል። ለምርጊትና ለጣሪያ የሚመቸው በጋ በወረቀት ካለፈ፣ ያልተሠራበት ገንዘብ ሰኔ 30 ቀን ወደ ግምጃ ቤት ይመለሳል። ቤት አልባውም ሌላ ክረምት በሸራ ሥር ይከርማል።

ለመሆኑ የቤት ልማት ፕሮግራሞች አልነበሩምን? ነበሩ። በ1990ዎቹ መጨረሻ በአዲስ አበባ የተጀመረው የጋራ መኖሪያ ቤት ግንባታ ወደ ክልል ከተሞችም ተስፋፍቶ፣ ኋላ በክልሎች ተገትቷል። የ20/80ውም ሆነ የ40/60ው አሠራር የተመሠረተው በቁጠባ ላይ ነው። ደመወዝ ላለው የከተማ ነዋሪ ይህ መልካም መንገድ ሊሆን ይችላል። እህሉ በጎተራው ውስጥ ከቤቱ ጋር ለወደመበት የይፋት ሰው ግን የቁጠባ ደብተር መፍትሔ አይሆነውም። ለእርሱ የሚያስፈልገው እንጨት፣ ቆርቆሮ፣ ምስማርና ቤቱ መንቀጥቀጥ እንዲችል አድርጎ የሚያስር የሠለጠነ አናጢ ነው። በጭቃ ብቻ የተያያዘ የድንጋይ ግንብ በመንቀጥቀጥ ጊዜ በቀላሉ ሲናድ፣ በሚገባ የታሰረ የእንጨት ቤት ግን አብሮ ይወዛወዛል። ይህን ማስተማር ብዙ ወጪ አይጠይቅም።

አገሪቱ ድሃ ናት፣ ዕዳ አለባት፣ ትምህርት ቤትና ሆስፒታልም ይቀድማሉ የሚል መልስ ሊሰጥ ይችላል። መልሱ ከንቱ አይደለም። ነገር ግን ድንኳን በነጻ አይገኝም፤ ፀሐይና ዝናብ ሲፈራረቁበት ያረጃል፣ እንደገናም ይገዛል። ትምህርት ቤቱም የተፈናቃይ ማደሪያ ሲሆን ትምህርቱ ይቋረጣል። አንድ ጊዜ ለቤት ያልወጣው ገንዘብ በየዓመቱ በሌላ ስም ይወጣል። ስለዚህ በየሰኔው በስምጥ ሸለቆው ዳርቻ ላሉት ወረዳዎች የቋሚ ቤት መሥሪያ ራሱን የቻለ ርእስ ይያዝ፤ የእንጨቱና የቆርቆሮው ግዥ እስከ መስከረም ይለቅ፤ በበጋው ያላለቀው ገንዘብም ለቀጣዩ ዓመት ሥራ የሚሻገርበት ሥርዓት ይበጅለት።

ምእመናንም ከዚህ ውጪ አይደለንም። ሕዝባችን ደቦ ወጥቶ የጎረቤትን ቤት ማቆም ያውቃል፤ እድሩም ሰበካ ጉባኤውም ጉልበትና ገንዘብ ማስተባበር ይችላሉ። መንግሥት ቁሳቁሱን ቢያቀርብ ጉልበቱን ሕዝቡ አይነፍግም። ምጽዋት የበጀትን ስፍራ ሊተካ አይችልም፤ በጀትም ምጽዋትን አያስቀርም። በፍርድ ቀን ጌታ ራሱን ከእንግዶችና ከታረዙት ጋር እንደሚቆጥር የምናምን ሁሉ፣ ዛሬ በበዓሉ ማዕድ ዙሪያ ስንሰበሰብ ጣሪያ የሌላቸውን እናስብ። ሰኔ ሲደርስም ለወከልናቸው እንደራሴዎች ጉዳያቸውን እናሳስብ።

መልካም የልደት በዓል ይሁንልን።