ቅንፉን ማን አሳየው?

ዘጠነኛ ክፍል ሳለን አንድ የክፍላችን ልጅ ከአማርኛ መጽሐፉ ተውኔት እንዲያነብ ተነሳ። ከኋላ የሚቀመጥ፣ ፊደል በፊደል እየለቀመ የሚያነብ ልጅ ነበር። ንግግሩን ጀመረና ቅንፍ ውስጥ ያለውን «በንዴት ከወንበሩ ይነሳል» የሚለውንም በዚያው ድምፅ አብሮ አነበበው። ክፍሉ አውካካ። መምህሩ ሳቁ። እኔም ስቄያለሁ። ከዚያ ቀን ወዲህ «አንብብ» ሲባል «መጽሐፍ አልያዝኩም» ይላል፤ መጽሐፉ ግን ዴስኩ ውስጥ ነበር።

የሚያናድደኝ ይሄ ነው፦ ከሳምንት በፊት በነበረን ፈተና «የመድረክ መግለጫ ምንድን ነው?» የምትለዋን ጥያቄ መልሷታል። ወረቀት ተቀያይረን ስናርም ራይት ያደረግኩለት እኔ ነኝ። ትርጉሙን ሸምድዷል፤ በቅንፍ ያለው የሚሠራ እንጂ የሚነገር እንዳልሆነ ግን ማንም አሳይቶት አያውቅም።

ዛሬ እንጀራዬ ኮድ መጻፍ ነው። ኮድ ውስጥም ኮሜንት የሚባል፣ ለሰው እንጂ ለኮምፒውተሩ ያልተጻፈ መስመር አለ። አዲስ ሠራተኛ ሲገባ የኮሜንትን ትርጉም አናስጠናውም። ይጽፋል፣ ራን ያደርጋል፣ ኮምፒውተሩ ዘሎት ሲያልፍ ያያል፤ በቃ። የተውኔት ደንብም በሥራ ካልታየ አይገባም። ደንብ ስል ተዋናይና ተመልካች ሳይጽፉ የተስማሙበትን ነገር ማለቴ ነው፦ መብራት ጠፍቶ ሲበራ ቀን አልፏል፤ ተዋናዩ ወደ ጎን ዞሮ ለተመልካች ሲያወራ አጠገቡ የቆመው አይሰማም። ብሔራዊ ትያትር እየተወሰደ ያደገ ልጅ ይህን መቼ እንደተማረው እንኳ አያስታውስም። ሌላው «አጠገቡ ቆሞ እንዴት አይሰማውም?» ብሎ ቢጠይቅ ደደብ አይደለም፤ ከክፍሉ ሁሉ ትክክለኛውን ጥያቄ የጠየቀ እሱ ነው።

እኛ ግን ለእንዲህ ዓይነቱ ተማሪ ምን እናደርጋለን? ማጠናከሪያ እንሰጠዋለን። ማጠናከሪያ ማለት ያንኑ ማስታወሻ ቅዳሜ ጠዋት ቀስ ብሎ መድገም ነው፦ ገቢር ማለት፣ ትዕይንት ማለት፣ ቃለ ተውኔት ማለት። ሚኒ ሚዲያውና የወላጆች ቀን ድራማ ደግሞ ለጎበዞቹ። ሳያነብ የሚገባውን ነጥቀን የማያነበውን እጥፍ አድርገን እንሰጠውና «ድጋፍ» እንለዋለን።

ያው ልጅ በእረፍት ሰዓት የዩኒት ሊደሩንና ያረፈደ ተማሪን ጭቅጭቅ ብቻውን በሁለት ድምፅ ይጫወት ነበር። መሀል ላይ ወደኛ ዘወር ብሎ «አሁን ጆሮዬን ሊይዙኝ ነው» ብሎ ያንሾካሹካል፤ ከዚያ ተመልሶ ይቀጥላል። የጎንዮሽ ንግግርን ከሱ በላይ የሚያውቅ አልነበረም። ኧረ ሁላችንስ እቃቃ ስንጫወት ጭቃው እንጀራ ነው ብለን ተስማምተን አልነበር?

እኔ ብሆን የመንግሥቱ ለማን «ጠልፎ በኪሴ» ከገጹ አልጀምርም። በጠለፋ ጋብቻ ላይ የሚያፌዝ ኮሜዲ ነው፤ ስለ ጠለፋ የሚለው የሌለው የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ ደግሞ አላጋጠመኝም። አንዷን ወንበር ላይ አስቀምጬ «ተጠላፊዋ አንቺ ነሽ» እላታለሁ፤ ክፍሉ ይጠይቃታል። ሁለት ልጆች ሲጨቃጨቁ አጨበጭባለሁ፤ ባሉበት ደርቀው ይቆማሉ፤ አንዱ በልቡ ያለውን ጮክ ብሎ ይናገራል፣ ሌላው እንዳልሰማ ይሆናል። መጽሐፉ የሚገለጠው ከዚያ በኋላ ነው። አማርኛ ሁለተኛ ቋንቋው የሆነ ልጅም ሆነ መስማት የተሳናት ልጅ እዚህ ጋ የሚይዙት ነገር አላቸው። ዓይነ ሥውር ጓደኛ አጠገቡ ተቀምጦ ቢሆን ደግሞ ያ የተሳቀበት ንባብ ስህተት ሳይሆን የሚያስፈልግ ነገር ነበር፤ አለዚያ ማን ከወንበሩ እንደተነሳ በምን ያውቃል? (ይሄ የታየኝ ገና አሁን ስጽፍ ነው።)

«አስተምረህ ታውቃለህ?» ትሉኝ ይሆናል። አላውቅም፤ ከሳቁት ወገን ነበርኩ። ጊዜ የለም፣ ክፍሉ ሞልቷል ብትሉ እውነት ነው፤ ወንበሩና ጭብጨባው ግን አንድ ክፍለ ጊዜ አይፈጁም። «ፈተናው ምርጫ ነው» የሚለው ክርክር ስለ ፈተናው እንጂ ስለ ልጁ የሚነግረኝ የለም። የምጠይቀው ይሄን ነው፦ ለሚመጣው የወላጆች ቀን ተዋናዮቹ ከቅዳሜው ማጠናከሪያ ክፍል ይመረጡ። ጎበዞቹ አንድ ዓመት መጋረጃ ቢስቡ ምንም አይሆኑም።