ሲሙሌተሩ የማያውቀውን አብራሪው ከየት ይማር?

መጋቢት 1 ቀን 2011 ዓ.ም. ከቦሌ ወደ ናይሮቢ የተነሳው ቦይንግ 737 ማክስ 8 አውሮፕላን በስድስት ደቂቃ ውስጥ ቢሾፍቱ አቅራቢያ ተከስክሶ የ157 ሰዎች ሕይወት ካለፈ ወዲህ ስለ ካሳውም ስለ ክሱም ብዙ ተብሏል። ብዙም ያልተወራለት ሲሙሌተር የሚባለው የበረራ ማስመሰያ ጉዳይ ነው።

በወቅቱ የውጭ ጋዜጦች አንድ ጥያቄ አንስተው ነበር። የኢትዮጵያ አየር መንገድ የማክስ ሲሙሌተር ካላቸው ጥቂት አየር መንገዶች አንዱ ሆኖ ሳለ ዋና አብራሪው ለምን አልሠለጠነበትም? የአየር መንገዱ መልስ አጭር ነበር፤ መሣሪያው የኤምካስን ችግር እንዲያስመስል ተደርጎ አልተሠራም።

ኤምካስ የአውሮፕላኑን አፍንጫ በራሱ ወደ ታች የሚገፋ ሶፍትዌር ነው። በወቅቱ አንድ ሴንሰር ከተሳሳተ ደጋግሞ ይገፋ ነበር። ጥቅምት 19 ቀን 2011 ዓ.ም. በኢንዶኔዥያ 189 ሰዎች እስኪሞቱ ድረስ በአብራሪዎች መመሪያ ላይ አሠራሩ አልተብራራም ነበር።

ሲሙሌተር ተራ የኮምፒውተር ጨዋታ አይደለም። ቁልፉም ጠቋሚውም እንደ እውነተኛው ነው፤ ሙሉው ክፍል በሚወዛወዙ እግሮች ላይ ቆሞ ሠልጣኙን ያንገጫግጨዋል። ይሁንና ባሕርዩን የሚያገኘው አውሮፕላኑን የሠራው ኩባንያ ከሚሰጠው መረጃ ነው። አምራቹ ያልተናገረውን መሣሪያው አያውቅም። ሲገመገምም የሚታየው ከዚያው መረጃ ጋር መመሳሰሉ ስለሆነ መረጃው ጎደሎ ቢሆንም ፈተናውን ያልፋል።

የበረራ 302 አብራሪዎች ኤሌክትሪኩን አጥፍተው የጅራቱን ክንፍ በእጅ በሚዞረው መንኮራኩር ለማስተካከል ሞክረዋል። በዚያ ፍጥነት ግን አየሩ ስለሚጫነው አልዞር አለ። ሲሙሌተሩ ይህን ክብደት በትክክል አያሳይም ነበር። ቦይንግ የሲሙሌተሩን ሶፍትዌር ማረሙን የገለጸው በግንቦት 2011 ዓ.ም. ነው፤ ከአደጋው ሁለት ወር በኋላ መሆኑ ነው!

ከዚህ ሁሉ ጀርባ ገንዘብ አለ። መስከረም 2013 ዓ.ም. የወጣው የአሜሪካ ምክር ቤት ኮሚቴ ሪፖርት እንደሚለው፣ ማክስ የሲሙሌተር ሥልጠና የሚጠይቅ ቢሆን ቦይንግ ለሳውዝዌስት አየር መንገድ በአንድ አውሮፕላን አንድ ሚሊዮን ዶላር ሊቀንስ ተዋውሎ ነበር። ስለዚህ የቀድሞውን 737 የሚያበሩ ሁሉ በጥቂት ሰዓታት የኮምፒውተር ትምህርት እንዲሸጋገሩ ተደረገ። የአሜሪካ የአቪዬሽን ባለሥልጣን የሲሙሌተር ሥልጠናን ግዴታ ያደረገው ህዳር 9 ቀን 2013 ዓ.ም. አውሮፕላኑን ወደ በረራ ሲመልስ ነው።

በሌላ ወገን የአሜሪካ የትራንስፖርት ደኅንነት ቦርድ ታህሣሥ 2015 ዓ.ም. የወጣውን የኢትዮጵያን የመጨረሻ ሪፖርት የአብራሪዎቹን አሠራር በበቂ አልመረመረም ሲል ተችቷል። የሞተሩ ኃይል ሳይቀነስ መቆየቱ ሊጠየቅ የሚገባው ነገር ነው። ነገር ግን ልምምድ ተደርጎበት የማያውቅን አደጋ፣ ማስጠንቀቂያዎች በአንድ ላይ በሚጮሁበት ጥቂት ደቂቃ ውስጥ ፍታ ማለት ከአዲስ አበባ ሳይሆን ከዋሽንግተን ቢሮ ሲታይ ነው የሚቀለው።

አየር መንገዱ ማክስን ጥር 24 ቀን 2014 ዓ.ም. ወደ ሥራ መልሷል። ከሌሎች የአፍሪካ አገሮች የሚመጡ አብራሪዎችም የሚሠለጥኑት እዚሁ ነው። እንግዲህ ቀጣዩ የግዢ ውል ሲፈረም አምራቹ የአውሮፕላኑን ሥርዓቶች ሁሉ፣ ብልሽታቸውን ጭምር፣ ለሲሙሌተሩ እንዲያስረክብ የሚያስገድድ አንቀጽ ይኖረው ይሆን?