በአሜሪካ የጦር መሣሪያ ትርኢቶች የጥይት ዋጋ በምን ይወሰናል? ገዢው ከዋጋው በፊት ሊጠይቀው የሚገባስ ምንድን ነው?

ከዋሽንግተን ዲሲ በስተምዕራብ፣ በቨርጂኒያ ግዛት በምትገኘው ቻንቲሊ፣ ለብዙ ዓመታት የጦር መሣሪያ ትርኢት ሲካሄድ ቆይቷል። የዋሽንግተንና የአካባቢዋ ከተሞች በውጭ ከሚኖሩ ኢትዮጵያውያንና ትውልደ ኢትዮጵያውያን እጅግ ብዙዎቹ የሚገኙባቸው እንደመሆናቸው፣ ወገኖቻችን ከሥራ ባልደረባ ጋር፣ ከጉጉት የተነሣ ወይም «ጥይት በርካሽ ይገኛል» የሚለውን ሰምተው ወደዚህ ዓይነት አዳራሽ ጎራ ማለታቸው አያስገርምም። ይህ ጽሑፍ በትርኢቶቹ ላይ የጥይትና የጥይት መሙያ ዕቃዎች ዋጋ የሚወሰንበትን መንገድ ይተነትናል። ከዋጋው የሚቀድም አንድ ጥያቄም አለ፤ እርሱም ገዢው በአሜሪካ የሚኖርበት የመኖሪያ ሁኔታ ጥይት ለመያዝ ይፈቅድለታል ወይ የሚለው ነው። ጥያቄው መቅደም የሚገባው ቢሆንም፣ በጠረጴዛው ላይ ብዙውን ጊዜ የሚያነሣው ስለማይኖር በኋላ በስፋት እንመለስበታለን።

«ጋን ሾው» የሚባለው ትርኢት በመሠረቱ የቅዳሜና እሑድ ገበያ ነው። አዘጋጁ ሰፊ አዳራሽ ይከራያል፤ ሻጮች ጠረጴዛ ይከራያሉ፤ ጎብኚ የመግቢያ ክፍያ ከፍሎ ይገባል። በኦክላሆማ ግዛት በተልሳ ከተማ በዓመት ሁለት ጊዜ የሚካሄደውና ከሁሉም ትልቅ የሚባለው ትርኢት ከ4,000 በላይ ጠረጴዛዎች ይዘረጉበታል። ከሻጮቹ መካከል ፈቃድ ያላቸው የመሣሪያ ነጋዴዎች፣ ጥይት ብቻ የሚሸጡ፣ እንዲሁም ለዓመታት ያከማቹትን የሚያራግፉ ግለሰቦች ይገኛሉ። በካርቶኑ ላይ የተለጠፈው ዋጋ እንደ ሱፐርማርኬት የመጨረሻ አይደለም። መርካቶ ገብቶ የሚያውቅ ሰው ሁኔታው እንግዳ አይሆንበትም፤ የሚቸግረው የሚከራከርበትን ዕቃ እውነተኛ ዋጋ ባለማወቁ ነው።

የዋጋውን ጠባይ ለመረዳት ያለፉትን ዐሥር ዓመታት ገደማ ማየት ይበቃል። እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2012 በኮነቲከት ግዛት በሳንዲ ሁክ ትምህርት ቤት ከደረሰው ጭፍጨፋ በኋላ አዲስ የቁጥጥር ሕግ ይወጣል የሚል ሥጋት ተስፋፋ። ከሁሉ ርካሽ የነበረው ባለ .22 ጥይት ከመደርደሪያ ጠፋ። አምስት መቶ ፍሬ ከ20 እስከ 25 ዶላር ይሸጥ የነበረው በትርኢት ጠረጴዛዎች ላይ ከ50 ዶላር በላይ ተጠየቀበት። በዚያ ጊዜ አንዳንዶች ማለዳ በመደብር በር ተሰልፈው በመደበኛ ዋጋ እየገዙ ቅዳሜ ትርኢት ላይ በእጥፍና ከዚያ በላይ ይሸጡ ነበር። ድርጊቱ ገዢዎችን ያስቆጣ ቢሆንም በአብዛኛው ሕግ የሚከለክለው አልነበረም።

ሁለተኛውና የከፋው ጊዜ እ.ኤ.አ. 2020 ነው። ወረርሽኙ፣ የጎዳና ተቃውሞውና የምርጫው ዓመት በአንድነት ተገናኙ። ከወረርሽኙ በፊት 10 ዶላር ገደማ ያወጣ የነበረው ሃምሳ ፍሬ የዘጠኝ ሚሊሜትር ጥይት 40 ዶላርና ከዚያም በላይ ደረሰ። ከታዋቂዎቹ አምራቾች አንዱ የሆነው ሬሚንግተን በዚያው ዓመት ኪሳራ ማወጁ ደግሞ እጥረቱን አባባሰው። የፋብሪካ ጥይት ዋጋ ውሎ አድሮ ተመለሰ፤ ከወረርሽኙ በፊት ወደነበረበት ሙሉ በሙሉ ባይደርስም አብዛኛው ጭማሪ ረገበ። እንደ ቀድሞው ያልተመለሰው ጥይት በቤት የሚሞሉ ሰዎች የሚገዙት ዕቃ ዋጋ ነው።

አንድ ጥይት አራት ክፍሎች አሉት፤ ቀለህ፣ ባሩድ፣ አረርና በቀለሁ ግርጌ ተተክሎ ባሩዱን የሚለኩሰው ትንሽ ቆብ ናቸው። ይህን ቆብ አሜሪካውያን «ፕራይመር» ይሉታል፤ እኛም በዚሁ ስም እንጠራዋለን። የተተኮሰ ናስ ቀለህ ተለቅሞ ብዙ ጊዜ ይሞላል። አረር በቤት ማቅለጥ የሚችሉ አሉ። ፕራይመርን ግን በቤት መሥራት አደገኛ ስለሆነ ሁሉም ከፋብሪካ ይገዛዋል። ፋብሪካዎቹ ደግሞ ጥቂት ናቸው። በአይዳሆ ግዛት በሉዊስተን የሚገኘው ሲሲአይ፣ በሚኒሶታ አኖካ የሚገኘው ፌደራልና በአርካንሳስ ሎኖክ የሚገኘው ሬሚንግተን እ.ኤ.አ. ከኅዳር 2024 ወዲህ በአንድ ባለቤት ሥር ናቸው፤ እርሱም በ2.225 ቢሊዮን ዶላር የገዛቸው ቼኮስሎቫክ ግሩፕ የተባለ የአውሮፓ ኩባንያ ነው። ከዋነኞቹ የአገር ውስጥ አምራቾች ከዚህ ውጭ የሚቀረው የኦሊን ንብረት የሆነው ዊንቸስተር ነው። እጥረት ሲመጣ ፋብሪካ ፕራይመሩን በቅድሚያ ለራሱ ጥይት ያውለዋል፤ ለችርቻሮ የሚወጣው ትርፉ ነው። ከወረርሽኙ በፊት አንድ ሺሕ ፕራይመር ከ30 እስከ 35 ዶላር ይገኝ ነበር። በችግሩ ወቅት ከ100 ዶላር አልፎ፣ በአንዳንድ የትርኢት ጠረጴዛዎች እስከ 200 ዶላር ተጠይቆበታል። ከዚያ ወዲህ ወርዶም ቢሆን ከቀድሞው ዋጋ እጥፍ በላይ ሆኖ ቆይቷል።

ባሩዱን በተመለከተ ምክንያቱ ከአሜሪካ ውጭ ነው። የዩክሬን ጦርነት የመድፍ ጥይት ፍላጎትን ስላናረው፣ ለባሩድ መሥሪያ የሚሆነው ናይትሮሴሉሎስ በዓለም ገበያ ተሻሚ ሆነ። እ.ኤ.አ. በ2024 ከላይ የተጠቀሱት ፋብሪካዎች የቀድሞ ባለቤት የባሩድ እጥረት ሥጋትን ጠቅሶ የዋጋ ጭማሪ ማድረጉን ለደንበኞቹ አስታውቋል። ስለዚህ በጠረጴዛው ማዶ የተቀመጠው ሽማግሌ ያንን ዋጋ ሲጠራ ሁልጊዜ ስግብግብ ነው ማለት አይቻልም። አንዳንዴ ግን ነው።

ልዩነቱን ለማወቅ የሚቻለው በስሌት ነው። አንድ ፓውንድ ባሩድ 7,000 «ግሬን» በሚባለው መለኪያ ይከፈላል። ለአንድ የዘጠኝ ሚሊሜትር ጥይት 5 ግሬን ገደማ ቢገባ፣ አንድ ፓውንድ 1,400 ጥይት ይሞላል ማለት ነው። ባሩዱ 45 ዶላር ከተገዛ ለአንድ ጥይት የሚደርሰው 3 ሳንቲም ከጥቂት ነው። ፕራይመሩን 8፣ አረሩን 10 ወይም 11 ሳንቲም ብንይዝና ቀለሁ ተለቅሞ የተገኘ ነው ብንል፣ ድምሩ ከ21 እስከ 22 ሳንቲም ይሆናል። የፋብሪካው ጥይት ራሱ በ25 ሳንቲም አካባቢ ከተገኘ፣ የመሙያ ማሽን ገዝቶ ምሽቱን ሙሉ የሚደክም ሰው በአንድ ጥይት የሚያተርፈው ሦስት አራት ሳንቲም ነው። ፋብሪካ ላይ አንዱ ፍሬ ከአንድ ዶላር በላይ በሚያወጣባቸው ትልልቅ የአደን ጥይቶች ግን ቁጠባው ከግማሽ ሊበልጥ ይችላል። ሻጩ «ራስህ ብትሞላ በግማሽ ዋጋ ይወጣልሃል» ሲል ስለ የትኛው ጥይት እንደሚናገር መጠየቅ ተገቢ ነው። እዚህ ላይ የተጠቀሰው የባሩድ መጠን ለሒሳብ ማሳያ ብቻ መሆኑን እናሳስባለን፤ ትክክለኛው መጠን የሚወሰደው ከባሩዱ አምራች ከታተመ ሠንጠረዥ ነው።

ድርድሩ የሚቆመውም በዚሁ ስሌት ላይ ነው። ባሩድና ፕራይመር በኢንተርኔት ሲታዘዙ እንደ አደገኛ ጭነት ስለሚቆጠሩ ከማጓጓዣው በላይ በእያንዳንዱ ጥቅል የተለየ ክፍያ ይጨመርባቸዋል፤ ይህም ከ20 እስከ 40 ዶላር ሊደርስ ይችላል። ትርኢት ላይ ይህ ክፍያ የለም። ሻጩ ያንን ስለሚያውቅ ከኢንተርኔት ዋጋ ትንሽ ከፍ አድርጎ ይጠራል። ገዢውም የመግቢያና የመኪና ማቆሚያ ወጪውን ደምሮ እስከ የት መሄድ እንደሚያዋጣው ቀድሞ ቢያሰላ ይጠቅመዋል። አንድ ፓውንድ ባሩድ ብቻ ለሚፈልግ ሰው ትርኢቱ ብዙውን ጊዜ ይሻላል፤ በብዛት ለሚገዛ ግን ክፍያው በብዙ ዕቃ ላይ ስለሚከፋፈል ኢንተርኔቱ ሊረክስ ይችላል።

ጥይት ከባድ ዕቃ ነው። እሑድ ከሰዓት በኋላ ሻጩ ያልተሸጠውን ካርቶን መልሶ ወደ መኪናው መሸከም አይወድም፤ ቅዳሜ ጠዋት እምቢ ያለውን ዋጋ በዚያ ሰዓት ሊቀበል ይችላል። በእርግጥ ተፈላጊው ዕቃ እስከዚያ አይቆይም። ጥሬ ገንዘብ መያዝ ሻጩን ከካርድ ክፍያ ኮሚሽን ያድነዋል። «ሁለት ካርቶን ብወስድ ስንት ታደርግልኛለህ?» የሚለው ጥያቄ፣ አንዱን ካርቶን ከማጣጣል የበለጠ ውጤት አለው። በእኛ ገበያ የተለመደው ዕቃውን አንቋሽሾ ዋጋ ማስወረድ በዚያ አገር እንደ ስድብ ሊታይ እንደሚችል ልብ ይሏል።

በማንኛውም ዋጋ መገዛት የማይገባቸው ዕቃዎችም አሉ። ክዳኑ የተከፈተ ወይም ከመጀመሪያው ዕቃ ወደ ሌላ የተገለበጠ ባሩድ ምንነቱ ሊረጋገጥ አይችልም፤ የመኮምጠጥ ሽታ ያለውና ቀይማ ብናኝ የሚያሳይ ከሆነ ደግሞ መበላሸት ጀምሯል። በላስቲክ ከረጢት ታስሮ «የቤት ሙሌት ነው» ተብሎ የሚሸጥ ጥይት ማን በምን መጠን እንደሞላው አይታወቅም፤ በውስጡ ባሩዱ ሁለት ጊዜ የገባበት አንድ ፍሬ ቢኖር መሣሪያውን በተኳሹ እጅ ላይ ሊያፈነዳ ይችላል። ከዚህም ሌላ፣ ለሽያጭ ሥራ ጥይት የሚሞላ ሰው የፌዴራል የአምራችነት ፈቃድ ሊኖረው ይገባል።

አሁን ወደ መጀመሪያው ጥያቄ እንመለስ። በአሜሪካ የፌዴራል ሕግ መሠረት ጥይት ብቻ ለመሸጥ ፈቃድ አያስፈልግም፤ በአብዛኞቹ ግዛቶችም ጥይት የሚገዛ ሰው ማንነት አይጣራም። ሻጩ ገንዘቡን ተቀብሎ ካርቶኑን ያስረክባል። ከዚህ በመነሣት «ማንም የማይጠይቅ ከሆነ የተፈቀደ ነው» ብሎ መደምደም ግን ከባድ ስሕተት ነው። ያው የፌዴራል ሕግ በሕገወጥ መንገድ በአገሩ የሚገኝ ሰው፣ እንዲሁም በጊዜያዊ ቪዛ ማለትም በጉብኝት፣ በትምህርት ወይም በጊዜያዊ ሥራ የገባ ሰው የጦር መሣሪያም ሆነ ጥይት እንዳይዝ ይከለክላል። በጊዜያዊ ቪዛ ለገቡት የተተዉ ጥቂት ልዩ ሁኔታዎች አሉ፤ ከእነርሱ አንዱ በአሜሪካ የተሰጠ የጸና የአደን ፈቃድ መያዝ ነው። ግሪን ካርድ ያለው ቋሚ ነዋሪ በዚህ ክልከላ አይሸፈንም። የጥገኝነት ማመልከቻቸው በመታየት ላይ ያለ፣ ቪዛቸው ያለፈ ወይም በጊዜያዊ ከለላ ሥር የሚገኙ ወገኖች ግን ወደ አዳራሹ ከመሄዳቸው በፊት የኢሚግሬሽን ጠበቃ ማማከር ይገባቸዋል።

ክልከላውን መጣስ የሚያስከትለው ቅጣት እ.ኤ.አ. ከሰኔ 2022 ወዲህ እስከ 15 ዓመት እስራት ከፍ ብሏል፤ ከእስራቱ በኋላም ከአገር መባረር ሊከተል ይችላል። ጉዳዩ በወረቀት ላይ ብቻ የቀረ አይደለም። በፍሎሪዳ ግዛት ይማር የነበረ የተባበሩት ዓረብ ኤሚሬትስ ዜጋ ከትምህርት ቤት ከተሰናበተ በኋላ ወደ ተኩስ መለማመጃ ሄዶ በመተኮሱ ተከሶ 18 ወር እስራት ተፈርዶበት ነበር። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ እ.ኤ.አ. በሰኔ 2019 በሰጠው ውሳኔ፣ ዐቃቤ ሕግ ተከሳሹ የመኖሪያ ሁኔታውን ያውቅ እንደነበር ጭምር ማስረዳት አለበት አለ። ውሳኔው የማስረዳት ሸክሙን ከፍ አደረገ እንጂ ክልከላውን አላነሣም። ቪዛው ማለፉን በደብዳቤ የተነገረው ሰው አላውቅም ለማለት ይቸገራል።

ክልከላው ገዢውን ብቻ አይመለከትም። ከአዲስ አበባ ለጥየቃ የመጣ ወንድሙን ወይም የአክስቱን ልጅ ለመዝናናት ብሎ ወደ ተኩስ መለማመጃ የሚወስድና የራሱን ጥይት የሚሰጠው ሰው፣ እንግዳው በጉብኝት ቪዛ መግባቱን የሚያውቅ ከሆነ እርሱም ሊጠየቅ ይችላል። እንግዳ ተቀባይነት በፍርድ ቤት ማስተባበያ አይሆንም።

የግዛቶች ሕግም አንድ አይደለም። በቻንቲሊ በሕጋዊ መንገድ የተገዛ ካርቶን ፖቶማክ ወንዝን ተሻግሮ ዋሽንግተን ዲሲ የሚኖር ገዢ ቤት ሲደርስ ሌላ ሕግ ይጠብቀዋል፤ በዲሲ በመርሕ ደረጃ ጥይት መያዝ የሚችለው በከተማዋ ያስመዘገበው መሣሪያ ያለው ሰው ነው። በካሊፎርኒያ ደግሞ እ.ኤ.አ. ከሐምሌ 2024 ጀምሮ በጥይት ላይ ተጨማሪ የ11 በመቶ የግዛት ታክስ ተጥሏል።

ወደ አገር ቤት ለሚጓዙ ወገኖች፣ ባሩድና ፕራይመር በአውሮፕላን በእጅ ሻንጣም ሆነ በሚጫን ሻንጣ ፈጽሞ አይፈቀዱም። በኢትዮጵያ በኩል በጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177/2012 መሠረት ያለ ፈቃድ መሣሪያም ሆነ ጥይት ወደ አገር ማስገባት በወንጀል ያስጠይቃል። ለአደን ወይም ለኢላማ ተኩስ ያገለገለ ቦርሳ ለጉዞ የሚያውሉ ሰዎች ኪሶቹን አንድ በአንድ ቢፈትሹ ይመከራል፤ በስፌት ውስጥ የተረሳች አንዲት ፍሬ በፍተሻ ማሽን ላይ ትታያለች።

ከዚህ ጋር በተያያዘ በአሜሪካ የተያዘ ኢትዮጵያዊ ዜጋ መያዙ ለአገሩ ቆንስላ እንዲነገርለት የመጠየቅ መብት አለው። ማሳወቁ በተያዘው ሰው ጥያቄ ላይ የተመሠረተ ስለሆነ፣ ጥያቄውን በመጀመሪያው ቀን፣ ቃል ከመስጠቱ በፊትና ጠበቃ እንዲቀርብለት ከሚያቀርበው ጥያቄ ጋር ሊያቀርበው ይገባል።