የቃሊቲ ልጅ ፒያኖ ምን ያደርግለታል?

መጋቢት 17 ቀን 2015 ዓ.ም. እማሆይ ጽጌማርያም ገብሩ በ99 ዓመታቸው ኢየሩሳሌም ሲያርፉ ቴሌግራሙም ፌስቡኩም በአንድ ቀን ሻማ በሻማ ሆነ። «የኢትዮጵያ ኩራት» ተባለ። ለቅሶው አልከፋኝም። የከፋኝ ሕይወታቸውን የምንተርክበት መንገድ ነው።

ተረቱን ሁላችሁም ሰምታችኋል። ታኅሣሥ 1916 ዓ.ም. አዲስ አበባ ተወለዱ። ስማቸው የውብዳር፣ አባታቸው ከንቲባ ገብሩ ደስታ። በ6 ዓመታቸው ለትምህርት ስዊዘርላንድ ተላኩ። ፋሽስት ሲገባ ከቤተሰባቸው ጋር ተግዘው አዚናራ ደሴት ታሰሩ። ከነጻነት በኋላ ካይሮ ሄደው ኮንቶሮዊች ከሚባል ፖላንዳዊ ሙዚቀኛ ሥር በቀን 9 ሰዓት ይለማመዱ ነበር። ከዚያ ለንደን ካለው ሮያል አካዳሚ ኦፍ ሚውዚክ የነጻ ትምህርት ዕድል መጣላቸው፤ እንዳይሄዱ ተከለከሉ። ከሐዘን ብዛት እህል አልቀምስም አሉ። ቆርበው ተነሡ፤ ከቤት ጠፍተው ግሸን ማርያም ገቡ፤ አስር ዓመት በባዶ እግራቸው ኖሩ።

እዚህ ላይ ተራኪዎቻችን «ፈጣሪ ለበጎ አደረገው» ብለው ያልፋሉ። የእማሆይን እምነት አልነካም፤ እሳቸው ይህን የማለት መብት አላቸው፣ እኛ ግን የለንም። ፈቃዱን የነፈጋቸው ሰው ነው። አንዲት ወጣት ያን ሁሉ ሰዓት ለፍታ የደረሰችበት በር ተዘጋባት። በሩን ማን ዘጋው ብሎ መጠየቅ ትተን ባዶ እግራቸውን እያየን እናለቅሳለን። የመጀመሪያ ሸክላቸው እ.ኤ.አ. በ1967 የወጣው ጀርመን ነው፤ ገቢውን ለወላጅ አልባ ሕጻናት ሰጡ። ዓለም በስፋት ያወቃቸው እ.ኤ.አ. በ2006 የፈረንሳዩ «ኢትዮፒክስ» 21ኛ ቅጹን የእሳቸው ሲያደርግ ነው። «ፓሲንግ» የተባለው የአሜሪካ ፊልም ሙዚቃቸውን ሲጠቀም ደግሞ እኛ ሼር አደረግን።

አሁን ወደ ሰፈሬ ልምጣ። አንድ ቁጥር ግን ያዙልኝ፦ 6 ዓመት። የውብዳር በ6 ዓመቷ ስዊዘርላንድ የገባችው አባቷ ከንቲባ ገብሩ ስለሆኑ ነው። የአቃቂ ቃሊቲ ልጅ አባት የጭነት መኪና ረዳት ነው፣ የፋብሪካ ፈረቃ ሠራተኛ ነው፣ የቀን ሠራተኛ ነው። ልዩነቱ ተሰጥኦ ላይ አይደለም።

ግርማ ይፍራሸዋን ተመልከቱ። እ.ኤ.አ. በ1967 አዲስ አበባ ተወለደ፤ በልጅነቱ ክራር መታ፤ ፒያኖ ያገኘው በ16 ዓመቱ ያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤት ሲገባ ነው። ቻይናዊው ላንግ ላንግ በ3 ዓመቱ ነበር የጀመረው። ግርማ ሶፊያ ሄዶ ተማረ፤ የቡልጋሪያ ሥርዓት ሲወድቅ ትምህርቱ ተቋረጠበት፤ ጣሊያን ተሰዶ ቆይቶ ተመልሶ ጨረሰ። አገሩ ገብቶም በያሬድ አስተማረ። ይህ ሰው የዓለም መድረክ ላይ የደረሰው ከአስር ዓመት በላይ ዘግይቶ ጀምሮ ነው። እኛ «ጀግና» እንለዋለን፤ እኔ ግን እነዚያን አስር ዓመታት ማን ወሰደበት እላለሁ።

ያሬድ ዛሬ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሥር ነው። ዩኒቨርሲቲ የሚገባ ሰው ደግሞ ልጅ አይደለም። ጣት የሚፈታው፣ ጆሮ የሚከፈተው በልጅነት እንደሆነ ለማወቅ ፈረንጅ አያስፈልገንም፤ የአብነት መምህሮቻችንን ጠይቁ። ዜማን በሃያ ዓመቱ «ሀ» ብሎ ጀምሮ ድጓ ያስመሰከረ ስንት ነው?

«ፒያኖ የኛ አይደለም» የሚለው ክርክር ይመጣል፣ አውቃለሁ። አንዱን ነገር አልክድም፦ ክራር እንደ ዘፋኙ ድምፅ ይቃኛል፣ ፒያኖ ግን 12ቱ ድምፆቹ የተቸነከሩ ናቸው፤ አይለመጡም። እማሆይ ይህን ያለፉት ጊዜውን እያረዘሙና እያሳጠሩ፣ በዜማ ቤት እንደሚደረገው ድምፁን እያስጌጡ ነው። ግርማ ደግሞ «አምባሰል»ን ለፒያኖ ጻፈው። እማሆይ የሸሹበት ግሸንም አምባሰል ውስጥ ነው። ከዚህ በላይ የኛ የሚሆነው እንዴት ነው? ደግሞስ የአገሪቱ የመጀመሪያ ሬዲዮ ጣቢያ የቆመው አቃቂ አይደለም እንዴ? መሣሪያው የባሕር ማዶ ነበር፤ ጃንሆይ ወረራው ሲቃረብ ለዓለም የተናገሩት በእሱ ነው። ያኔ «ሬዲዮ የኛ አይደለም» ተብሎ ቢተው ኖሮስ?

«መጀመሪያ ዳቦ» ለሚሉኝ፦ ለወጣቶች ስብዕና መገንቢያ ማዕከል ከረምቦላና ቴሌቪዥን ሲገዛ ዳቦው የት ነበር? የድሃ ልጅ መጫወቻ ይገዛለታል፤ ሙያ የሚሆነው ነገር ሲነሣ ግን በጀቱ ያልቃል።

ስለዚህ የምጠይቀው ትልቅ አዳራሽ አይደለም። በወረዳ ማዕከል አንድ የቋሚ ፒያኖ፣ ከያሬድ የተመረቀ አንድ መምህር በደሞዝ፣ ከ6 እስከ 10 ዓመት ላሉ ልጆች። ሦስተኛው ደግሞ ሁልጊዜ የሚረሳው ነው፦ ቃኚ። ፒያኖ ውስጥ ከ200 በላይ ክሮች አሉ፤ ውጥረታቸው ሲደመር ከ15 ቶን ይበልጣል (ቃሊቲ መቼም ቶን ማስረዳት የማያስፈልግበት ሰፈር ነው)። በዓመት ሁለቴ ካልተቃኘ ዕቃ ማስቀመጫ ይሆናል። ሪባን ተቆርጦ፣ ፎቶ ተነሥቶ፣ ላዩ ላይ ጨርቅና የአርቲፊሻል አበባ ማሰሮ የተቀመጠበት ፒያኖ አልጠየቅኩም።

አንድ ነገር ብቻ ልጨምር፤ የክፍለ ከተማው ሰዎች ይህን ቻናል እንደሚያነቡ ስለማውቅ። ፒያኖው ከመጣ፣ የክፍሉ ቁልፍ በዘበኛው ሳይሆን በመምህሩ እጅ ይሁን። ቅዳሜም ይከፈት።