ቅጠል ብቻ ስለሚሰጥ የኢሪስ ተክል

ከጥቂት ዓመታት በፊት አንድ ሽማግሌ ወዳጄ ከአትክልታቸው ቦታ 5 የኢሪስ ሥሮች ነቅለው ሰጡኝ። ኢሪስ በጽርእ ቋንቋ ቀስተ ደመና ማለት ነው፤ አበባው ነጭ፥ ብጫ፥ ሰማያዊና ሐምራዊ እየሆነ ይገኛልና ስሙ ይስማማዋል። እኔም ስጦታውን ለማክበር ስል ጥልቅ ጉድጓድ አስቆፍሬ፥ ፍግ አስሞልቼ፥ ከዛፍ ጥላ ሥር ተከልሁት፤ ውሃም ጧትና ማታ አጠጣሁት።

ሦስት ዓመት ሙሉ እንደ ሰይፍ የቆመ ቅጠል ሰጠኝ እንጂ አንዲት እንቡጥ አላሳየኝም። ሽማግሌው በመጡ ቁጥር «አበበልህ ወይ?» ሲሉኝ አፍር ነበር። የቤቴ እመቤትም «ካላበበስ ለወጥ እናድርገው» እያለች ትስቅብኝ ነበር። ይህ ግን ጨዋታ ነው፤ ሥሩ ቢበላ ሆድን ያውካልና ከልጆችና ከከብት መጠበቅ ያስፈልጋል።

በኋላ ነገሩን ብመረምር ጥፋቱ የተክሉ ሳይሆን የእኔ ደግነት ሆኖ አገኘሁት፤ ማርም ሲበዛ ይመራል። በኢጣልያ አገር በፍሎረንስ አጠገብ ገበሬዎች ለሽቱ የሚሆነውን ኢሪስ የሚተክሉት ፀሐይ በሚመታው፥ ውሃ በማይቋጥር ድንጋያማ ኮረብታ ላይ ነው። እኔ የሰጠሁት ሁሉ ተፈጥሮው የማይወደው ነበር።

ስለዚህ በአበባው ላይ እንደ ጢም ያለ ጠጉር ያለውን ኢሪስ ለመትከል የሚፈልግ ሰው ይህን ያስተውል።

ሥሩ ዝንጅብል ይመስላል፤ በምድር ላይ ተጋድሞ ጀርባው ፀሐይ ሊያገኝ ይገባዋል። አፈሩን እንደ መደብ ከፍ አድርጎ፥ ሥሩን በላዩ አጋድሞ፥ ቀጫጭኖቹን ሥሮች ግራና ቀኝ ወደ ታች ዘርግቶ አፈር ማልበስ ነው፤ የወፍራሙ ሥር ጀርባ ግን ይታይ። በአንዱና በሌላው መካከል ከ30 እስከ 45 ሣንቲሜትር ይተው።

ቦታው በቀን ከ6 ሰዓት ያላነሰ ፀሐይ የሚያገኝ ይሁን። ትኩስ ፍግ ቅጠሉን ያፋፋል፥ አበባውን ይከለክላል፥ ሥሩንም ያበሰብሳል፤ ጥቂት የአጥንት ዱቄት ይበቃዋል። ደግሞም ለማበብ የብርድ ወራት ስለሚሻ ለቆላ አገር አይስማማም።

አንድ ወፍራም ሥር የሚያብበው አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ ከዚያ በኋላ የሚያብቡት ከጎኑ የወለዳቸው ናቸው። ስለዚህ በየ3 ወይም በየ4 ዓመቱ ነቅሎ፥ አሮጌውን መካከለኛ ሥር ጥሎ፥ ልጆቹን በንጹሕ ቢላዋ ከፍሎ፥ ቅጠላቸውን በስንዝር ልክ ቆርጦ እንደ ገና መትከል ያስፈልጋል።

የፈረንጅ መጽሐፍ ይህን በሐምሌና በነሐሴ አድርጉ ይላል። እኔም ቃሉን ይዤ በሐምሌ ብከፍለው ዝናቡ የሽማግሌውን ስጦታ እኩሌታ አበሰበሰብኝ። መጽሐፉ አልተሳሳተም፤ እነዚያ ወራት በአገራቸው ደረቅና ሞቃት ናቸው። በእኛ ደጋ ግን ዝናቡ እስኪያልፍ፥ እስከ መስከረም መጨረሻ መታገሥ ይሻላል። ወሩን ሳይሆን ምክንያቱን መከተል ይገባል።

የቀሩትን ሥሮች በዚህ ሥርዓት ተከልኋቸው። በሁለተኛው ዓመት ከአንዱ ቅጠል መካከል አገዳ ወጣ፥ በጫፉም ሐምራዊ አበባ ተከፈተ። አንዱ አበባ የሚቆየው ጥቂት ቀን ብቻ ስለ ሆነ ወደ ሽማግሌው ፈጥኜ ላክሁ። በመጡም ጊዜ እንደ ልማዳቸው ሳይጠይቁኝ እጃቸውን ይዤ ወደ መደቡ ወሰድኋቸው፤ በበትራቸው ተደግፈው ብዙ ጊዜ ዝም ብለው ተመለከቱት።

በሚመጣው ሳምንት ስለ ጽጌ ረዳ አገራረዝ እንነጋገራለን።