ቀብዱ ይመለስ ወይስ ይቅር?
በሰንበቴ የእሁድ ገበያ ቀብድ የተቀበለ በሬ ሻጭ ገመዱን እንደያዘ ቆሞ፣ ዋጋ የሚጠይቀውን ሁሉ «ተሸጧል» እያለ ይመልሳል። ቀብድ ሰጪው ከሰዓት በኋላ መጥቶ «ትቼዋለሁ፣ ገንዘቤን መልስልኝ» ቢለው ሊመልስ ይገባል? የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 1885 አያድበሰብስም፤ ሌላ ስምምነት ከሌለ ሰጪው ውሉን ከተወ ቀብዱን ያጣል፣ ተቀባዩ ከተወ እጥፍ አድርጎ ይመልሳል። ግዴታው ሁለቱንም ወገን ስለሚይዝ ፍትሐዊ ነው እላለሁ። «ምንም ያልወሰደ ሰው ለምን ይከፍላል?» የሚሉ አሉ። ወስዷል እንጂ! የሻጩን የገበያ ቀን ወስዷል። ከአፋር ቆላና ከደጋው የመጡት ገዢዎች አንዴ ከተበተኑ በሬው ተነድቶ ወደ ቤት ይመለሳል፣ እስከሚቀጥለው እሁድም መኖ ይፈልጋል። ነገር ግን ገዢው ገበያው ሳይሞላ ሐሳቡን ቢቀይርና በሬው በዚያው ዕለት በዚያው ዋጋ ቢሸጥ፣ ሕጉ ቢፈቅድም ቀብዱን ማስቀረት አይገባም ባይ ነኝ፤ ሻጩ የከሰረው ነገር የለምና። ሕጉ ለተዋዋዮች ስምምነት በሩን ክፍት ትቷል፤ የሚጎድለው ብሩ ሲቆጠር ጉዳዩን የሚያነሳ ሰው ነው። ዋጋ የሚያስማማው ደላላ «እስከ ቀትር ከተውከው ይመለሳል፣ ከዚያ ወዲያ የለም» የሚለውን በምስክር ፊት፣ ገዢው በሚሰማው ቋንቋ፣ በኦሮምኛም ይሁን በአማርኛ ወይም በአፋርኛ፣ ብሩ ከእጅ ወደ እጅ ሳይተላለፍ ያስነግር።