«ኔትወርክ የለም» ከማለታችን በፊት

ዋይፋይ እምቢ ሲለን «ኔትወርክ የለም» ብለን እንተወዋለን። እርግጥ በ2015 ዓ.ም. ክረምት በክልላችን የሞባይል ኢንተርኔት ሲዘጋ ነገሩ ከአቅማችን በላይ ነበር። ሁልጊዜ ግን እንዲያ አይደለም።

በቅድሚያ በዚያው ዋይፋይ የጓደኛችን ስልክ ይሠራ እንደሆነ እንይ። እሱም ካልሠራ ጥፋቱ ከሳጥኑ ወይም ከመስመሩ ነው፤ ሳጥኑን አጥፍተን እናብራ። ከሠራ ግን ጥፋቱ ከኛው ስልክ ነው። ዋይፋዩን ከስልኩ ሰርዘን የይለፍ ቃሉን እንደገና እናስገባ። ቀኑንም እንመልከት፤ ዓመቱ በኛ አቆጣጠር ከተሞላ ስልኩ 7 ወይም 8 ዓመት ወደኋላ ስለሚቀር ብዙ ድረ ገጽ አይከፍትም።

ነገ በኩታበር ገጠር ት/ቤቶች ብንመደብ ባለሙያ ከጎናችን አይኖርም። ምክንያትን ተራ በተራ መፈለግ የመምህር ሙያ ነው። ይህን የለመደ መምህር «ተማሪው ሰነፍ ነው» ለማለትም አይቸኩልም።